መርፌው መሃል ላይ ነበር

የምስክር ቃል መቀበያ

የምስክሩ መጠሪያ፦ በሥራ ቦታው «ሽቦ» (ሙሉ ስሙ ከመታወቂያው ላይ ተወስዶ በመዝገቡ ውስጥ ተይዟል)
ዕድሜ፦ 36
ሥራ፦ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ
አድራሻ፦ ከአሮጌው መናኸሪያ ጀርባ፣ ከወፍጮ ቤቱ ቀጥሎ ያለው ጋራዥ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ዓርብ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ
ጉዳዩ፦ ሰኞ ዕለት በሠራተኞች ማመላለሻ ሚኒባስ ውስጥ በፈላ ውሃ ስለደረሰ የአካል ጉዳት

እኔ ከላይ የተጠቀስኩት ምስክር ዛሬ ወደዚህ ጣቢያ የመጣሁት ተጠርቼ ሳይሆን በራሴ እግር ነው። ባለፈው ማክሰኞ መርማሪው ጋራዤ ድረስ መጥቶ ስለ መኪናው ሲጠይቀኝ፣ የሙቀት ጌጁ፣ ማለትም የሞተሩን ሙቀት በመርፌ የሚያሳየው መለኪያ፣ ተበላሽቶ እንደነበርና ሠርቼ እንደሰጠሁ ተናግሬ ፈርሜያለሁ። ያ ቃል እውነት አይደለም። ጌጁን አልሠራሁትም። ይህን የምናገረው ማንም አስገድዶኝ አይደለም። አሁን መናገሬ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው መሆኑንም አውቃለሁ።

በእስር ላይ የሚገኘው ሾፌር የታላቅ እህቴ ባል ነው። ጋሼ እያልኩ ነው የምጠራው። ሚኒባሱ የራሱ ሲሆን፣ የልብስ ፋብሪካ ሠራተኞችን ጠዋት ወስዶ ማታ ይመልሳል። ተሳፋሪዎቹ «ቀስ በቀስ» የሚል ስም አውጥተውለታል፤ ዳገትም ቁልቁለትም ለእሱ አንድ ነው፣ በሁለቱም እኩል ይፈራል። በየማለዳው ሞተር ሳያስነሳ የፊቱን ወንበር አንስቶ የራዲያተሩን ውሃ ያያል። የመኪናው ሞተር ከፊት ወንበሮች ሥር ስለሆነ የራዲያተሩም ክዳን የሚገኘው እዚያው ወንበሩ ሲነሳ ነው። እኔ በዚህ ጠባዩ እስቅበት ነበር። በጋራዡ ሰው ፊት «ጋሼ፣ ይህቺን መኪና ያገቧት መስሎኝ» ብዬው አውቃለሁ። እሱም ይስቃል፣ በማግስቱ ግን ወንበሩን ያነሳል።

ከሦስት ሳምንት በፊት የሙቀት ጌጁ መርፌ እየተነሳ ቀዩን መንካት ጀመረ። አንዳንዴ ይነሳል፣ አንዳንዴ ደህና ይውላል። መርፌው በተነሳ ቁጥር ጋሼ ዳር ይዞ ይቆማል፣ ተሳፋሪ ያወርዳል፣ እስኪበርድ ይጠብቃል፣ ውሃውን ሲያይ ሙሉ ነው። በዚህ ምክንያት ሠራተኞቹ ደጋግመው አረፈዱ። ፋብሪካውም አንድ ቀን ደግመው ቢያረፍዱ መስመሩን ለሌላ መኪና እንደሚሰጥ ነገረው። መኪናውን ወደ እኔ ያመጣው በዚያ ሳምንት ነው።

በዚያ ቀን ሌሎች ሦስት መኪኖች ይጠብቁኝ ነበር። የነገረኝን ሰማሁና፣ ችግሩ ሴንሰሩ ነው አልኩት። ሴንሰሩ ማለት የውሃውን ሙቀት ለክቶ ለመኪናው ኮምፒውተር የሚልክ፣ ከሞተሩ ላይ የሚታሰር ትንሽ ዕቃ ነው። ምንም ሳልለካ አሮጌውን ፈትቼ አዲስ አሰርኩ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኔ አፈሰስኩ፣ ጋሼ ግን በሁለተኛው ቀን ለቃቅሞ ይዞልኝ ተመለሰ። መርፌው ዳግም ቀዩን ነክቷል።

በዚህ ሁለተኛ ጊዜ መኪናውን ጠዋት ጋራዤ አቁሞት ነበር፤ እኔ የደረስኩበት ከቀኑ ስድስት ሰዓት ገደማ ሲሆን፣ እሱ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ሠራተኞቹን ከፋብሪካው ማንሳት ነበረበት። በዚያን ዕለት በትክክል መረመርኩ። ሞተሩ ከጠዋት ጀምሮ ቆሞ ስለነበር ራዲያተሩ ለእጅ ቀዝቃዛ ነው። ሞተር ሳላስነሳ ቁልፉን ብቻ ባዞር መርፌው ዘሎ ቀዩ ላይ ወጣ። የቀዘቀዘ ሞተር ቀይ ሊያሳይ አይችልም። የሴንሰሩን ሶኬት ነቀልኩት። ሶኬቱ ሲነቀል መርፌው እስከ ታች መውረድ አለበት፤ አልወረደም። ስለዚህ ሴንሰሩ፣ የቀየርኩትም ሆነ አሮጌው፣ ንጹሕ ነበር። ጥፋቱ ከሴንሰሩ ወደ ኮምፒውተሩ በሚሄደው ሽቦ ላይ ነው። ሽቦውን ከኮምፒውተሩ በኩልም ነቅዬ በቴስተር ስለካው ከመኪናው ብረት ጋር እንደሚነካካ አረጋገጥኩ። ከሞተሩ ኋላ በወለሉ ብረት ላይ ሲያልፍ ልባሱ ተፍቆ ራቁቱን ቀርቷል፤ መኪናው ሲንቀጠቀጥ ብረቱን ይነካል፣ ሲነካ ኮምፒውተሩ ሞተሩ የፈላ ይመስለዋል።

መፍትሔው ምን እንደነበር ተጠይቄ፣ በመላ ወለሉ አዲስ ሽቦ መዘርጋት ነበር ብዬ መልሻለሁ። ግማሽ ቀን ይፈጃል። ከባድ ሥራ አይደለም። ጋሼ ግን ከኋላዬ ቆሞ ሰዓቱን ያያል፣ «ወንድሜ፣ ይደርሳል?» ይለኛል። ይደርሳል አልኩት። ከሰዓቱ በላይ የከበደኝ ግን ሌላ ነበር። ሽቦው ነው ብዬ ብነግረው የመጀመሪያውን ጊዜ ሳልለካ በግምት መሥራቴን ያውቅብኛል። እህቴ ስታገባው እኔ ገና ትምህርት ቤት ነበርኩ፤ ሙያ ያስተማረኝ ጌታዬ ዘንድ እጄን ይዞ ያስገባኝ እሱ ነው። በእሱ ፊት ሁለት ጊዜ መሳሳት አቃተኝ።

ያደረግኩት የሚከተለው ነው። ከመሪው በስተግራ ከዳሽቦርዱ ሥር ገብቼ ሽቦውን ከኮምፒውተሩ አጠገብ ቆረጥኩት። በቦታው ትንሽ ሬዚስተር፣ ማለትም ከስንዴ ፍሬ ብዙም የማትበልጥ ዕቃ፣ በይጄ በናስትሮ ጠቀለልኩት። ይህች ዕቃ ሞተሩ ይቀዝቅዝም ይፍላም ለኮምፒውተሩ ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው የምትናገረው፦ ደህና ነው። መርፌው ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ቁልፍ በዞረ ቁጥር ተነስቶ መሃል ላይ ይቆማል፤ አይወጣም፣ አይወርድም። በዚህ ከተቀመጠ ራዲያተሩን የሚያቀዘቅዘው ፋን እንደማይነሳ ስለማውቅ ፋኑን በቀጥታ ከቁልፉ ጋር አገናኘሁት፣ ሁልጊዜ እንዲሽከረከር። ያን ጊዜ ሁሉን ያሰብኩ ብልህ ሰው መስዬ ተሰምቶኝ ነበር። እሁድ ጋራዡ ዝግ ነው፣ ያን ቀን አስመጥቼው ሽቦውን እቀይራለሁ ብዬ ለራሴ ተናገርኩ። ለጋሼ ግን አልተናገርኩም። ሲጠይቀኝ «አለቀ፣ ደህና ናት» አልኩት።

ይህ አሠራር በሙያው የተለመደ ነው ወይ ተብዬ ተጠይቄ፣ አንዳንድ ሰው መኪና ሊሸጥ ሲል ያደርገዋል፣ እኔ ግን ከዚያ በፊት አድርጌው አላውቅም ብያለሁ። ይህን ማለቴ ራሴን ለማዳን አይደለም። ሰው ለማያውቀው ገዢ የሚያደርገውን እኔ ለእህቴ ባል ማድረጌን ለማስረዳት ነው።

የመጀመሪያው እሁድ ልቅሶ ቤት ዋልኩ። ሁለተኛው እሁድ ደከመኝ፣ ተኛሁ። ነገ ዛሬ እያልኩ ጉዳዩ ከልቤ ወጣ ባልልም ከመንገዴ ወጣ። በመካከሉ አንድ ቅዳሜ ጋሼ ከእህቴና ከልጆቹ ጋር ቤቴ መጥቶ ነበር። ደስታው ሌላ ነበር። ካንተ ወዲያ አንድ ቀን አላረፈድኩም፣ የፋብሪካው ኃላፊም ሰላም ማለት ጀምሯል አለኝ። ጠዋት ጠዋት ወንበር ማንሳቱንም ትቶታል። ከፊት የምትቀመጠው ሴት በየማለዳው ቆማ እየጠበቀችው ትነጫነጭ ነበር፤ አሁን መርፌዋ ሥራዋን ትሥራ፣ እኔ የእኔን ልሥራ ብሎ ሳቀ። እህቴ በጎኑ ተቀምጣ እኔን ታያለች። እናታችን ከሞተች በኋላ ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ ስትኮራብኝ ፊቷን አውቀዋለሁ። ነገሩ አፌ ጫፍ ደርሶ ነበር። ውሃውን ግን ማየትዎን አይተዉ ማለት ብቻ ይበቃ ነበር። እሱንም አላልኩም። ከሁሉ የሚቆጨኝ ያ ቅዳሜ ነው፤ የሰውዬው ፍርሃት ለካ መኪናውን ጠብቆት ነበር፣ እኔ ደግሞ ፍርሃቱን አጠፋሁበት።

ሰኞ የሆነውን በዓይኔ አላየሁም፤ ከጋሼና ከተጎጂዋ የሰማሁት ነው። የራዲያተሩ ቱቦ ማሰሪያ ላልቶ ውሃው ለቀናት ሲንጠባጠብ ቆይቷል። ፋብሪካው ጋ ከመድረሱ በፊት ባለው ዳገት ላይ መኪናው ጉልበት አጣ። ከፊት የተቀመጠችው ተጎጂዋ፣ በፋብሪካው የልብስ ቁልፍ መትከያ ክፍል የምትሠራው ሴት፣ ወንበሩ ከወትሮው ይልቅ እንደሚሞቅ ነገረችው። ጋሼ መርፌውን አየ፤ መሃል ላይ ነው። ዳር ይዞ ቆመ፣ ሁሉንም አወረደ። ብዙ ጊዜ ውሃ አላየሁም፣ ልይ ብሎ ወንበሩን አነሳ። ሴትየዋ ከመንገዱ ማዶ ካለው ጎማ ቤት በጆግ ውሃ ለምና አመጣችና በሩ ላይ ቆማ ያዘችለት። ከተሳፋሪዎቹ አንዱ ይቆይ፣ ይፈላ ይሆናል ብሎታል። ጋሼ የመለሰውን ሁሉም ሰምተዋል፤ «አልፈላም፣ መርፌዋ መሃል ናት» ነው ያለው። በጨርቅ ይዞ ክዳኑን አዞረው።

ስልክ ደውሎልኝ ስደርስ ሴትየዋን በሌላ መኪና ወስደዋታል። ጋሼ የተቃጠለ መዳፉን ብብቱ ሥር ይዞ መንገድ ዳር ተቀምጧል። ጆጉ መሬት ላይ ወድቋል፣ በሩ ላይ እንፋሎቱ ያረጠበው ገና አልደረቀም። እኔ ወደ ጋሼ ከመሄዴ በፊት ወደ መኪናው ገባሁ። ቁልፉ እንደዞረ ነበር። መርፌው መሃል ላይ ቆሟል። ቁልፉን አጠፋሁት። ለምን እንዳጠፋሁ ተጠይቄ፣ ሰው እንዳያየው ነው ብዬ መልሻለሁ።

የቴክኒክ መርማሪው በማግስቱ መኪናውን ሲፈትሽ ቁልፍ አዙሮ መርፌው መሃል ላይ ሲቆም አይቶ፣ የሙቀት ጌጁ ይሠራል ብሎ መዝግቧል። እሱን አልወቅስም። ጋሼን የሚያህል በመርፌ የሚሳቀቅ ሰው እንዲያምነው አድርጌ ነው የሠራሁት። በዚህ የተነሳ ግን ነገሩ ሁሉ ጋሼ ላይ ወደቀ። የሃያ ዓመት ልምድ ያለው ሾፌር፣ ጌጁ እየሠራ፣ ሰው ይፈላ ይሆናል እያለው፣ አልፈላም ብሎ የፈላ ራዲያተር ከፍቷል ተባለ። አልፈላም ማለቱ ውሸት ሆኖ ተቆጠረበት።

ረቡዕ እዚሁ ጣቢያ ልጠይቀው መጣሁ። እጁ በፋሻ ታስሯል። ስለ ራሱ ምንም አላለም፤ ስለ ልጆቹ ጠየቀኝ፣ ስለ ሴትየዋ ጠየቀኝ። ከዚያ፣ «አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም፣» አለኝ፣ «መርፌዋ ለምን አልተነሳችም?»

እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ ድንገት ስለሆነ ይሆናል፣ አንዳንዴ ውሃ ሲያልቅ ሴንሰሩ በደንብ አይለካም አልኩት። እሱም ራሱን ነቀነቀ። ሲጠይቁት ጌጁ ደህና እንደተሠራ፣ በዚህ ጉዳይ እኔን ማንም እንዳይነካኝ መናገሩን ነገረኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ዕድሜ ይሆናል፣ ተዘናግቼ ነው አለ። ስወጣም አይዞህ ብሎ ሸኘኝ። ታሳሪው ነው እንግዲህ ጠያቂውን የሚያጽናናው።

ትናንት ሐሙስ ከእህቴ ጋር ሆስፒታል ሄድን። ተጎጂዋ ከቀኝ እጇ ጣቶች እስከ አንገቷ በፋሻ ተጠቅልላለች። እህቴ ማልቀስ ስትጀምር «ተይ እሱን፣ ቁልፍ ከመትከል አረፍኩ» ብላ ልታስቃት ሞከረች። ጣቶቿ ወደ ሥራ ይመለሱ እንደሆነ ሐኪሙ ገና እንዳልነገራት የሰማነው ከአስታማሚዋ ነው። ስለ ቃጠሎው ጋሼን አልወቀሰችውም፤ ወዲያ በይ ብለውኝ ነበር፣ እኔ ነኝ ያልራቅኩት አለች። ቀጥላ ግን ይህን ተናገረች፤ «ስድስት ዓመት ከጎናቸው ተቀምጫለሁ፣ ጋሼ ዋሽተው አያውቁም። አልፈላም ያሉኝ ለምንድን ነው? እሷን ቃል ነው እኔ ያልቻልኳት።» እህቴ ወደ እኔ ዞራ፣ አንተ መካኒክ ነህ፣ ንገራት እንጂ አለችኝ። በሩን ከፍቼ ወጣሁ።

ዛሬ ጠዋት ወደዚህ ከመምጣቴ በፊት እህቴ ቤት ሄጄ ሁሉን ነገርኳት። ለባሏ የምታደርሰውን ምግብ እያዘጋጀች ነበር። ረቡዕ ሲጠይቅህ ታውቅ ነበር ወይ ብላ አንድ ጊዜ ጠየቀችኝ። አዎ አልኳት። የምግቡን ዕቃ ክዳን ገጥማ እጄ ላይ አስቀመጠችው፣ ለእኔ ከምትናገር አንተው ይዘህለት ሂድ አለችኝ። ምግቡን ለጥበቃው አስረክቤያለሁ።

ቃሌን ለማረጋገጥ ከመርማሪውና ከቴክኒክ መርማሪው ጋር ሆነን መኪናው ወደቆመበት ግቢ ወርደናል። ከሰኞ ጀምሮ ሞተሩ አልተነሳም፣ ራዲያተሩም ባዶ ነው። ቁልፉ ሲዞር መርፌው ተነስቶ መሃል ላይ ቆመ። የቴክኒክ መርማሪው አየውና ባዶውን ራዲያተር በእጁ ዳሰሰ። ከዳሽቦርዱ ሥር ናስትሮውን ፈትቼ፣ ሬዚስተሯን ቆርጬ አውጥቼ በመርማሪው እጅ ሰጥቻለሁ። መርፌው ወዲያው ወደ ታች ወረደ።

ይህ ቃል ለታሳሪው በሌላ ሰው ከሚነገረው ይልቅ እኔው እንድነግረው ፈቃድ ጠይቄ ተፈቅዶልኛል። ጋሼን አምጥተውት ከፊቴ ተቀመጠ። ከሽቦው ጀምሬ እስከ ረቡዑ ውሸቴ ድረስ ነገርኩት። በመጨረሻ፣ «ፋኑስ?» ብሎ ጠየቀኝ፤ ፋኑን በቀጥታ እንዳገናኘሁት ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀ። ሊወስዱት ሲነሳ በደህና እጁ ጠረጴዛውን ይዞ ቆመና እንዲህ አለኝ፦ «ብትነግረኝ እኮ ያው እነዳት ነበር። ክዳኑን ብቻ አልነካም ነበር።»



ከላይ የሰፈረው ቃል እኔ ከተናገርኩት ሳይጨመርበትና ሳይቀነስለት መጻፉን ተነብቦልኝ ሰምቻለሁ። ማክሰኞ የሰጠሁት ቃል በዚህ እንዲሻር እጠይቃለሁ። እውነት መሆኑንም በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የምስክሩ ፊርማ፦ ____________

ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ፦ ____________

በሬዚስተሯ መውጣት ላይ የተገኘው የቴክኒክ መርማሪ ፊርማ፦ ____________